ጋሽ ሰይድን ማን ይሰርዛቸው?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኙን እንኳ ለምነውም ተቆጥተውም ያስለቅቁታል፤ ወረቀት ግን ጉድ ነው። አንዴ ከጻፉበት በኋላ ሰውዬው ቢሰደድ፣ ቢሞት፣ እሱ ምን ግዱ! ይህን የምላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። ወረቀቱ በእጄ ነበር፤ ሞኙም እኔ ራሴ ነበርኩ።

ምርጫ በመጣ ቁጥር ሁላችንም ስለ መዝገቡ እንጨነቃለን። ሻይ ቤት ተቀምጠን «ሙታን ይመርጣሉ አሉ!» እንባባላለን፤ አንድ ክፉ ሰው የሆነ ቦታ በር ዘግቶ የሙት ስም ሲጽፍ ይታየናል። እኔ ግን የጻፍኩት በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ያውም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አስተማሪ ነኝ። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ መራጮችን መዝግብ ተብዬ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ይዤ ተቀመጥኩ። በገበያ ማግስት ሰልፉ እስከ አጥሩ ደረሰ። እትዬ ዘሀራ ተራቸው ሲደርስ መታወቂያ ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። እኔም ቀና ሳልል ገለበጥኩ፦ ስም፣ ሰይድ ይመር፤ ጾታ፣ ወንድ። ከዚያ «እዚህ ላይ ይፈርሙ፣ እናቴ» አልኳቸው። እናቴ! ወንድ ብዬ የጻፍኩበት ቀለም እንኳ ሳይደርቅ። በአውራ ጣታቸው አተሙ፤ የምርጫ ካርዱን ተቀብለው፣ «አላህ ያክብርህ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ጋሽ ሰይድ ባላቸው ናቸው። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

እትዬ ዘሀራ ምን ያጥፉ? በእኛ አገር ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር በሚለው ማለቴ ነው፣ ሰው የሚጻፈው በቤት ነው። አባወራው ቢሞትም ስሙ አይፋቅም። ስሙ ከተፋቀ ቤቱ ተፋቀ፤ ቤቱ ከተፋቀ ደግሞ ነገ ቀባሪ የለም። እትዬ ዘሀራ «ተመዝገቡ» ሲባሉ ቤታቸውን ሊያስመዘግቡ መጡ። ብልህ ሴት ናቸው፤ ሞኙን ነግሬያችኋለሁ።

ስህተቴን ያወቅኩት መዝገቡ ሕዝብ እንዲያየው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፤ የማይገባ ስም ያየ ሰው ቅጽ ሞልቶ፣ ፈርሞ ይቃወማል፤ ያኔ ስሙ ይሰረዛል። መዝጋቢው የጻፈውን በገዛ እጁ መሰረዝ አይችልም። ትክክል ነው፤ እንደኔ ያለውን አይታችኋላ! እናም ተቃዋሚ ስጠብቅ ሰነበትኩ። ሰው ይመጣል፣ ያነባል፣ የጋሽ ሰይድ ስም ላይ ሲደርስ እስላሙ «ጀነት ይግባ»፣ ክርስቲያኑ «ነፍስ ይማር» ይልና መንገዱን ይቀጥላል። ግድግዳው ሥር ለቅሶ ቤት መሰለ እንጂ አንድ ተቃዋሚ ጠፋ። ወጣቶቹ ከሩቅ «ይኸው! በሙት ካርድ ሊመረጥ ነው» እያሉ ያጉረመርማሉ። እውነታቸውን ነው። ቅጹን ሳቀብላቸው ግን ሁሉም የሚሄድበት ያስቸኩለዋል፤ ነገ የእትዬ ዘሀራን ፊት ማየት አለ።

ጨነቀኝ። ስሙ ከቀረ መዝገቡን ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸውም የባላቸውን ካርድ ይዘው ከምርጫ ጣቢያው በር ሊመለሱ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ብዬ ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ጋሽ ደምሴ ሄድኩ። በቀበሌው ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ ከማንም መዝገብ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ቅጹን አየት አድርገው መለሱልኝ።

«ሙት ወቃሽ አታድርገኝ፣ መምህር። በእጄ ቀብሬዋለሁ፤ ደግሞ ልክሰሰው?»

«ክስ አይደለም ጋሼ፤ ሞተዋል ብሎ መፈረም ብቻ ነው።»

«ሚስቱ እያለች? እኔ ማን ነኝና!»

የቀረኝ አንድ ቤት ነበር። ተቃውሞ በሚዘጋበት ቀን ጧት እትዬ ዘሀራ ዘንድ ሄጄ ጥፋቴን ሁሉ ተናዘዝኩ።

«ሲሰረዝ ከቅሬውም ነው?» አሉ።

«አይደለም። የቅሬው መዝገብ ሌላ ነው፤ እዚያ ማንም አይነካቸውም።»

«ወላሂ በል።»

ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ወሎዬ ነኝ። «ወላሂ!» አልኩ።

ሻሻቸውን አስተካክለው ተከተሉኝ። ማንበብ ስለማይችሉ ቅጹን እኔ ሞላሁላቸው። የተቃዋሚው ስም፣ ዘሀራ ሙሄ። ከተመዝጋቢው ጋር ያለ ዝምድና፣ ሚስት። የተቃውሞው ምክንያት ላይ ስደርስ ቀና አልኩ፤ ይኸው ቀና ማለት ተምሬያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሰይድ ጥሎኝ ሄደ» ይላሉ እንጂ ያቺን ሌላዋን ቃል ከአፋቸው የሰማ ሰው የለም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስም ቆመው አዩት።

«ሞቷል በል» አሉኝ።

እንባቸው መጣ። የእኔም መጣ፤ ምን ልዋሽ። ደንቡ የተዘለለ ሰው ማስገባት ይፈቅዳልና፣ እሳቸውንም ያኔውኑ በስማቸው መዘገብኳቸው፤ ጾታ፣ ሴት፣ ሁለቴ አረጋግጬ! ማስመሪያና እስክሪብቶ አንስቼ ወደ ባላቸው ስም ስመለስ እጄን ያዙኝ።

«አታጥቁረው። ስሙ ይታይ።»

ደንቡም የሚለው ይህንኑ ነው፤ የተሰረዘ ስም እንዲነበብ ሆኖ በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል። አብረን አሰመርነው።

በማግስቱ ከወረዳ የመጣው ተቆጣጣሪ፣ ከመላው ቀበሌ የቀረበችውን አንዲት የተቃውሞ ቅጽ አነሳ። ግማሽ ድረስ አነበበና ሳቁ መጣ።

«ሚስት ባሏን? ምን ቢበድላት ነው በል!»

«ወረድ ብለህ ጨርሰው» አልኩት።

ወረድ ብሎ ጨረሰው። ከዚያ እንደ ሰዉ ሁሉ «ነፍስ ይማር» አለና ማኅተሙን መታ።