ያልተከራከረው ደንበኛ

ሳይከራከሩ የሸጡ የማይመስላቸው ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ኢስሊ ገበያ መጋረጃ የሚሸጡት የሳውዝ ሲ ሰፈር ጎረቤቴ ሐጂ ኑሩ እንደዚያ ናቸው። እሳቸው ዘንድ «የመጨረሻ ዋጋ» ማለት የወሬ መጀመሪያ ነው።

በቀደም ሩንዳ ሰፈር ያለ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ለቢሮዎቹ በሙሉ መጋረጃ ለመግዛት ጨረታ አወጣ። ግዢው ግን በኢንተርኔት፣ በሲስተም ብቻ ነው፤ ሰው የለም፣ «ወላሂ አያዋጣኝም» የለም። ልሞላላቸው ላፕቶፔን ይዤ ሱቃቸው ሄድኩ። ሲስተሙ የመጨረሻ ዋጋ ሲጠይቅ ሐጂ ሰማይ የሚነካ ዋጋ ነገሩኝ።

«ትንሽ አይቀንሱም፣ ሐጂ?»

«አንተን ምን አስቸኮለህ? መጀመሪያ እሱ ቀንስ ይበለኝ!»

ላክሁት። ሐጂ ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ስክሪኑን ማየት ጀመሩ። የማታቱ ታክሲዎች ጥሩምባ ከሩቅ ይሰማል፤ የተሰቀሉት መጋረጃዎች በነፋሱ ቀስ ብለው ይተነፍሳሉ። ምን ልዋሻችሁ፣ እኔም ሲስተሙ ጨርቁን በጣቶቹ እየዳበሰ ከንፈሩን ሲመጥ ታየኝ።

ድንገት ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ምን አለ?»

«ስላቀረቡት ዋጋ እናመሰግናለን ይላል።»

ሐጂ ብድግ አሉ። አመስግኖ የሚወጣ ደንበኛ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ነጋዴ አለ?

«ሊሄድ ነው! ጥራው እንጂ! ና በለው፣ በስዋሂሊም ንጆ በለው፣ ቀንሰናል በለው!»

ቢጠሩትስ በየት ይሰማል? ከቀናት በኋላ ጨረታውን ሌላ ሰው ወሰደው። ይህንን ስነግራቸው ሐጂ ፈገግ ብለው የሱቁን በር ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ግዴለም ልጄ፣ ዞር ዞር ብሎ ይመለሳል።»