የክቡር ገናነው መዳብ

«ገና ነው» የሚል ሰው የሌለበት ቤተሰብ ካለ አድራሻውን ይላክልኝ፤ ጓዜን ጠቅልዬ ሄጄ እኖርበታለሁ። ሌላው ቤት ሁሉ አንድ አንድ አለው። ጣሪያ አልብሶ ሲያበቃ በር ለመምረጥ ስድስት ዓመት የሚፈጅ አጎት፣ ጨው በቃው አልበቃው ስትል እንግዳውን በባዶ ሆዱ የምትሸኝ አክስት፣ ለሠርግ የታዘዘውን ልብስ ለልጅ ልደት የሚያደርስ ልብስ ሰፊ።

ለእኛ ቤት የደረሰው ግን የሁሉም ቁንጮ ነው። በሆዴ ክቡር ገናነው እላቸዋለሁ፤ ፊት ለፊት «ጋሼ» ነው። የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። እናታችን ቀድማ ስለሄደች ያሳደገችኝ እትዬ ናት። ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ እኔ ግን አሁንም ከሥራ ስወጣ እግሬ ወደ እሷ ሰፈር ይዞኝ ይሄዳል። ትናፍቀኛለች፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ክቡርነታቸው ሰዓሊ ናቸው። ሸራ ቀብቶ የሚገላገል ሰዓሊ እንዳይመስላችሁ። የሚሠሩት ኤቺንግ የሚባለውን ነው፦ የመዳብ ሰሌዳውን ሰም ይቀቡታል፣ ሰሙን በመርፌ እየጫሩ ይስሉበታል፣ ከዚያ አሲድ ውስጥ ያጋድሙታል። አሲዱ መርፌው የነካውን ብቻ ይበላል፤ የተበላው ቦታ ቀለም ይይዝና ወረቀት ላይ ይታተማል። ለጥላው ደግሞ አኳቲንት አለ፦ የደቀቀ ሙጫ ይነሰነስና በእሳት ይሞቃል፤ አሲድ ውስጥ በቆየ ቁጥር ጥላው ይጠቁራል። እንግዲህ «ገና ነው» ለሚል ሰው «በቆየ ቁጥር» የሚል ሙያ መስጠት ለሰካራም የመጠጥ ቤት ቁልፍ እንደ መስጠት ነው።

የእትዬን መልክ የጀመሩት ባረፈች በወሩ ነው። እኔም ያኔውኑ ፍሬም ገዝቼ ሳሎኔ ውስጥ ሰቀልኩ። የመጀመሪያው ሙከራ ሲታተም ግራ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት ቀኝ ጉንጯ ላይ ሆኖ መጣ። ህትመት እንደ መስታወት ይገለብጣል፤ ይህንን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ምን ነካህ?»

«ፊት ለፊቴ የተቀመጠች መስሎኝ እኮ ነው» አሉ። «እንዳየኋት ሳልኳት።»

ምልክቱን ፍቀው፣ መዳቡን ከጀርባ በመዶሻ አቃንተው፣ ወደ ቦታው እስኪመልሱት አንድ ዓመት ሄደ። ከዚያ ዓይኗ አልሆነም፤ ከዚያ አንገቷ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ መዳቡን አሲድ ውስጥ አስገብተው፣ አረፋውን በላባ እየጠረጉ ስለ እሷ ሲያጫውቱኝ ሁለታችንም ሰዓቱን ረሳን። እትዬ ከነሳቋ ጠቁራ ወጣች። ብርሃኗን በመፋቂያ እየፈለጉ ከዚያ ጨለማ ለማውጣት ሌላ ሁለት ዓመት ፈጀ።

«ጋሼ፣ በቃ ሙከራውን ስጠኝ» እላለሁ።

«ሙከራ ከዚህ ቤት አይወጣም። ሰው ምን ይላል?»

«የትኛው ሰው? ግድግዳው የእኔ!»

«አንተ ልጅ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ያንተ እንቁላል እኮ በእግሩ ሄዶ፣ ወልዶ፣ የልጅ ልጅ አይቷል!»

ይስቃሉ። ከዚያ «ገና ነው» ይሉና ወደ መዳባቸው ያቀረቅራሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ስደርስ አሲዱ ተከድኗል፣ ጠረጴዛው ተወልውሏል። እርጥቡን ወረቀት ከመዳቡ ላይ በሁለት ጥፍራቸው ገልጠው አነሱት። እትዬ ነበረች። ልትቆጣኝ ጀምራ ሳቅ ሲያመልጣት የነበረው ፊቷ፣ ራሱ።

«አለቀ» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። «አምስት አትሜያለሁ። አንዱ ያንተ ነው።»

ከዚያ ወፍራሙን መርፌ አነሱ። በሙያው ወግ የታሰበው ቅጂ ታትሞ ሲያልቅ፣ ከእንግዲህ ማንም እንዳያትምበት መዳቡ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ መስቀለኛ ጭረት ይጫርበታል። ግድግዳው ሥር የተደረደሩት የድሮ ሥራዎቻቸው ሁሉ እንዲያ ተሰርዘዋል። የእሷም ፊት እንደሚሰረዝ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

እዚህ ላይ ክብሩን ልተወውና «እሱ» ልበል። መርፌውን ግንባሯ ላይ አሳረፈ፣ አነሳ፣ ደግሞ አሳረፈ። በመጨረሻ መርፌውን ወደ እኔ ዘረጋው።

«ወንድሟ ነህ፣ አንተ ጫረው። እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አቃተኝ።»

ስበሳጭበት የኖርኩት «ገና ነው» ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። እንከን አልነበረውም።

«ጋሼ» አልኩት፣ «አንገቷ ሥር ያለው ጥላ ትንሽ አልሳሳም?»

መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ እኔን ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«ታየህ?»

«ታየኝ። ገና ነው።»

«እኔም እኮ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ይቀራል ስል ነበር!» አለና ለጥላው ሙጫ ሊያደቅ ተነሳ። አምስቱንም ወረቀት መልሶ መሳቢያ ውስጥ ከተተ፣ የእኔንም ጭምር። ሙከራ ከዚያ ቤት አይወጣማ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ባዶ እጄን አየች፤ ባዶውንም ፍሬም አየች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ይቀራል አለህ?»

«ዛሬስ እሱ አይደለም» አልኳት፣ «እኔ ነኝ ያልኩት።»