ከ«አውቀዋለሁ» በፊት የወጣች ትንፋሽ

ሰው በረጅሙ ሲተነፍስ ሰምቶ ዝም የሚል የአገሬ ሰው አላጋጠመኝም። «ምነው?» ይላል። «ምንም» ትሉታላችሁ። አያምንም። ሐኪም ብትጠይቁ ለሳንባ ደግ ነው ይላችሁ ይሆናል፤ ጎረቤት ግን ከትዳራችሁ እስከ ጤናችሁ ያለውን ሁሉ ከአንዲት ትንፋሽ ላይ ያነባል። እኔም ይህን ነገር አምበር እስክሄድ ድረስ በቀልድ ነበር የማየው።

ደብረ ማርቆስ አብሮኝ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ይበልጣል፣ ስመኝ የምትባል ልጅ ወደደና ሽማግሌ ሁንልኝ አለኝ። ልጅቱም ትወደዋለች፤ የቀረው የአባቷ ቃል ነው። አባቷ አያ ደምሌ ከአምበር ወጣ ብሎ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ነው የሚኖሩት፤ ስመኝም እቤት የቀረች የመጨረሻ ልጃቸው ናት። መሪያችን መምሬ አንተነህ፣ ተከታዩ እኔ። ለክብሩ ብዬ አዲስ ጫማ ገዝቼ ነበርና ዳገቱ ላይ ተረከዜን ነክሶ ያዘኝ።

ደንቡን ደግሞ ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ቆምን። መምሬ ከአዳም ጀምረው ይበልጣል ዘንድ እስኪደርሱ እግሬ አለቀ። በመጨረሻ አያ ደምሌ ወደ እኔ ዞሩና፣

«መምህር፣ እርስዎ ልጁን በደንብ ያውቁታል?» አሉ።

«ኡፍፍፍ...» አልኩ። «አውቀዋለሁ።»

መምሬ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፤ ግን ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ጠባዩ ምስጉን ነው፣ መጠጥ አይቀምስም ብል ማን ይስማኝ? አያ ደምሌ «እንግዲህ እናስብበት» ብለው ሸኙን። ይበልጣል ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። እውነቱን ለመናገር እኔም አፍሬ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ተመልሰን ሄድን። እኔ አሮጌ ሰንደሌን ተጫምቻለሁ። ገና እንደቆምን የሆነውን ሳልደብቅ ተናገርኩና የተላጠ ተረከዜን አሳየሁ። አያ ደምሌ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ሳቁና፣

«በሉ ተቀመጡ። ሰጥቻለሁ» አሉ።

ከጓዳ እልልታው ቀለጠ። እሳቸው ግን አቀርቅረው በረጅሙ ተነፈሱ። እኔም የአገሬ ሰው ነኝና አላስቻለኝም።

«ምነው አያ ደምሌ?»

ሰንደሌን አየት አደረጉ።

«የእኔስ ጫማ አይደለም፣ መምህር።»