ሙዚየም ለቅሶ የደረስን ዕለት

እንግሊዝ አገር ለመከበር መጀመሪያ መሞት ያስፈልጋል። ከሞቱ በኋላማ ቦት ጫማዎ ሳይቀር መስታወት ቤት ገብቶ መብራትና ማሞቂያ ይገጠምለታል። በሕይወት ያለሁት እኔ ግን ኬኒንግተን ያለችው ክፍሌ ማሞቂያዋ ከተበላሸ ወር አለፈው፤ አከራዬ ቼክ አደርጋለሁ እንዳለ ነው።

ይህን ያወቅሁት አክስቴን እትዬ በላይነሽን ባህር አሳያለሁ ብዬ ነው። እትዬ ከአዲስ አበባ የመጡት ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ... እናቴ ናት የላከቻቸው፤ ልጄ በሰው አገር ሰው አለው ወይስ ብቻውን ነው የሚኖረው የሚለውን አጣርተው እንዲመለሱ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በሬን ያንኳኳው ፒዛ አድራሹ ብቻ ነው፤ እሱም ቤት ተሳስቶ። ለእናቴ የሚነገረው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

ቅዳሜ ዕለት ባህሩ ዳርቻ ላይ ያለች አንዲት ጥንታዊ ከተማ በባቡር ወሰድኳቸው። ገና ከመውረዳችን ዝናቡ ባህሩን ከሰማዩ ቀላቀለው። መጠለያ ስንፈልግ የከተማዋ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ገባን፤ የድሮ የዓሣ አጥማጆች ቤት ነው።

እስቲ በእትዬ ዓይን እዩት። በሩ አጠገብ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ጥቁር ሹራብ የለበሱ አሮጊት ተቀምጠዋል። የገባው ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ግድግዳው ላይ ባህር የበላቸው ሰዎች ፎቶ ተደርድሯል። ሰው ሲወጣ ሳጥን ውስጥ ገንዘብ ይጥላል፣ መዝገብ ላይ ስሙን ይጽፋል። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

እትዬ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እኔ መረብ እያየሁ ስለነበር ልብ አላልኩም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ዞር ስል አሮጊቷ አጠገብ ወንበር ስበው ያለቅሳሉ።

"እትዬ፣ ሙዚየም ነው እኮ።"

"ዝም በል። ይልቅ የሞቱት ምናቸው እንደሆኑ ጠይቅልኝ።"

ጠየቅሁ። አሮጊቷ ጆዋን ይባላሉ። አንዱን ፎቶ አሳዩኝ፤ አያታቸው ናቸው፣ እሳቸው ሳይወለዱ ባህር ገብተው ያልተመለሱ። ቃል በቃል ተረጎምኩ። አስከሬኑም አልተገኘም የሚለው ላይ ስደርስ እትዬ ደረታቸውን መቱ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ... ጆዋን መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ለአያቴ ሰው ሲያለቅስ ዛሬ ገና አየሁ" አሉ፣ የእትዬን እጅ ይዘው።

ምን እዋሻችኋለሁ፣ የእኔም እንባ መጣ። ሻይ አፈሉልን፤ ሙዚየሙ እስኪዘጋ አብረን ተቀመጥን።

ባቡር ላይ እትዬ ለእናቴ ደወሉ። "ልጅሽ ሰው አለው" አሏት። "ለቅሶ ቤት ወስዶኝ እየተመለስን ነው።" እናቴ በደስታ አለቀሰች። ቀጥላ እኔን አስጠርታ፣ ከሰልስቱ ብትቀር አንተን አያርገኝ አለችኝ። ይህን ሰምቶ ሐቁን የሚናገር ጀግና ካለ እጁን ያውጣ።

ሰልስቱን ከቅዳሜ ቆጥረው ሰኞ ላይ ጣሉት። እትዬ ንፍሮ ቀቅለው በፕላስቲክ ዕቃ አዘጋጁልኝ። እኔም ሱፐርቫይዘሬን ለቅሶ አለብኝ፣ ኦፍ ስጠኝ አልኩት።

"ማን ሞቶ ነው?"

"የጓደኛዬ አያት።"

ከልቡ አዘነ። ድንገት ነው ወይ ሲለኝ፣ አዎ፣ ባህር ላይ አልኩት። ቀኑን ሙሉ ፈቀደልኝ። መቼ እንደሞቱ ግን አልጠየቀኝም።