የጋሽ በዳዳ ባለ አልጋ ሚኒባስ

እኔ የምለው፣ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ይነካዋል? አንዱ የዕድር ጸሐፊ ይሆናል። ሌላው ቀኑን ሙሉ ዜና እየሰማ ሚስቱን ይጨቀጭቃል። የባለቤቴ አባት ጋሽ በዳዳ ግን አሮጌ ሚኒባስ ገዝተው፣ ወንበሩን ነቅለው፣ አልጋ አስገቡበት።

አልጋ ብቻ መሰላችሁ? መጋረጃ፣ ቡታጋዝ፣ የውሃ ጀሪካን፣ የግድግዳ ሰዓት ሳይቀር! ሠላሳ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድተዋል። ሞያሌ በሏቸው፣ መተማ በሏቸው፣ ያልረገጡት የለም። "ግን አላየሁትም" ይላሉ። "ሰው አራግፌ፣ ሰው ጭኜ መመለስ ነበር። አሁን እየቆምኩ ላየው ነው።" ሚስታቸው እትዬ አስካለ እቅጩን ነገሯቸው፤ "እኔ ሰሚት ላይ የተመቸ ቤት እያለኝ ታክሲ ውስጥ አልተኛም።"

ጋሼም አልከፋቸውም። ከሩቁ በፊት የቅርቡን፣ ከአዲስ አበባም ይሄንኑ የእኛን ምሥራቁን እጀምራለሁ አሉ። እኔ የዓመት ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ተሳፋሪ ሆንኩ። ልንወጣ ስንል እትዬ አስካለ ወደ ጓዳ ጎትተው አስገቡኝ።

"ደም ግፊት እንዳለባቸው ታውቂያለሽ። የትም ሂዱ፤ ቡልቡላ ግን እንዳትወስጃቸው" አሉኝ በሹክሹክታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሼ የተወለዱት እዚሁ ከተማው ዳር፣ ቡልቡላ ነው። አባታቸው እዚያ አራሽ ነበሩ። መሬቱ ላይ ኮንዶሚኒየም ከተሠራ ወዲህ እግራቸው ወደዚያ ዞሮ አያውቅም። የእህታቸው ልጅ እዚያ ስትዳር እንኳ ጉልበቴን አመመኝ ብለው ቀርተዋል።

ጉዞው ግን እንዴት ያምራል! ከሰፈራችን ሳንርቅ አንድ ሻይ ቤት አገኘን። ደንበኛ የሚቀመጠው ከየት እንደመጣ በማይታወቅ አሮጌ የአውሮፕላን ወንበር ላይ ነው፤ ቀበቶው ሳይቀር አለ። በየቀኑ አልፌው እሄዳለሁ፣ አይቼው አላውቅም። ጋሼ አውሮፕላን ተሳፍረው አያውቁም። ቀበቶውን አሰሩ፣ ሻያቸውን ፉት አሉ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ተነስቷል?" አሉኝ። አስተናጋጇ በሳቅ ሞተች።

ችግሩ አንድ ነው። በዚህ ከተማ ሚኒባስ ነድቶ ቱሪስት መሆን አይቻልም። በቆምን ቁጥር ሰው ይሰለፋል። "መገናኛ ነው?" "ሃያ ሁለት ነው?" አይደለም ብል ማን ይሰማኛል? አንዱ እንዲያውም ሆን ብላችሁ ነው የማትጭኑት ብሎ ሰደበኝ።

ሾላ ገበያ ስንደርስ ጋሼ የቅመም ተራን ላሳይሽ ብለው ወረድን። ኮረሪማ እያሸተትን ቆይተን ስንመለስ፣ አንዲት ጎልማሳ ሴት የመኪናውን በር ከፍተው አልጋው ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል። አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት እግራቸው ሥር አለ።

"ወንበራችሁ ሲመች! ጌታ ይባርካችሁ" አሉ። "ቡልቡላ ነኝ።"

ክው አልኩ። "እናቴ፣ ይሄ እኮ ታክሲ አይደለም፤ ቤት ነው" አልኳቸው።

"የማን ቤት?"

"የእሳቸው።"

ሴትዮዋ ደንግጠው ሊነሱ ሲሉ ጋሼ ከለከሏቸው። "ቁጭ በይ እህቴ። ሠላሳ ዓመት ስነዳ የተሳፈረ ሰው አውርጄ አላውቅም።"

እጅጌያቸውን ጎተት አደረግሁ። "ጋሼ፣ ቡልቡላ እኮ ነው ያሉት።"

"ሰምቻለሁ" አሉና ሞተሩን አስነሱ።

ሴትዮዋ አስቴር ይባላሉ። የሶዶ ሰው ናቸው። መንገዱን ሙሉ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ቸርቻቸው፣ ስለ ሽንኩርት አወሩልን።  ቡልቡላ ስንገባ ጋሼ ፍጥነት ቀነሱ። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ። ከዚያ መኪናውን ዳር አስያዙና ቀስ ብለው "በየት ነው?" አሉ።

እኚህ ሰው እኮ መንገድ ጠፍቷቸው አያውቅም! ተወልደው ባደጉበት ቦታ በወይዘሮ አስቴር እየተመሩ ገቡ። 

ሽንኩርቱን ተጋግዘን አራተኛ ፎቅ አወጣነው። ጋሼ በረንዳው ላይ ቆመው ወደ ታች አዩ። ከሕንጻዎቹ ጀርባ ወንዙ ይታያል፤ አንድ ቦታ ላይ እጥፍ ይላል። ጋሼ እዚያ እጥፋቱ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቀሩ።

"ይኼ ነው" አሉ። "ወንዙ አልተነሳም። ያ ነጩ መኪና የቆመበት አውድማችን ነው። ቤታችን ደግሞ… ቤታችን እዚሁ ነው፤ ከሥራችን።"

ወይዘሮ አስቴር ነገሩ ሲገባቸው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። "ዕጣው የወጣልኝ ቀን በጉልበቴ ተንበርክኬ ጌታን አመስግኛለሁ" አሉ። "የሰው ማጀት መሆኑን ማን ነገረኝ?" እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

እኔ የደም ግፊት ክኒኑን ከቦርሳዬ እየፈለግሁ ነው።  ጋሼ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩት።

"ለመሆኑ ያፈሳል?"

"መታጠቢያ ቤቱ ያንጠባጥባል፤ ብናስጠግነው ብናስጠግነው እንቢ ብሏል።"

"እንቢ ይላል! ድሮም ይሄ ቦታ ውሃ አጥቶ አያውቅም" አሉና ሳቁ። ከልባቸው ነው የሳቁት። ወይዘሮ አስቴርም እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ወይዘሮ አስቴር ጎረቤት ጠሩ። ሻይ በፔርሙስ መጣ፣ አምባሻ ተቆረሰ። ሰው በየተራ ወደ በረንዳው እየወጣ "ጋሼ፣ የእኔስ ብሎክ ምን ነበር?" ይላል። አንዷ የጤፍ ማሳ ደረሳት፤ ደስ አላት። አንድ ክራባት ያሰሩ የባንክ ሠራተኛ የበሬዎቹ በረት ላይ እንደሚተኙ ተነገራቸው። "ለዚህ ነው ለካ ሚስቴ ታንኮራፋለህ የምትለኝ!" አሉ። እትዬ አስካለ ስልክ ላይ ስልክ ይደውላሉ። ምን ብዬ ላንሳው?

ሊመሽ ሲል ተሰናብተን ወረድን። በሩ ላይ ጥበቃው መዝገብ ይዞ አስቆመን። ስንገባ ሳንመዘገብ አልፈናል ለካ። ትሑት ሰው ነው፤ እስክሪብቶውን ለጋሼ በሁለት እጁ አቀበላቸው።

"አባቴ፣ እዚህ ጋ ስምዎን፣ እዚህ ጋ ደግሞ የገቡበትን ቤት ቁጥር ይጻፉልኝ።"

ጋሼ መነጽራቸውን አጠለቁ። ስማቸውን እስከ አያት ጻፉ። ከጎኑ "ሁሉም" ብለው ጻፉበት።

ጥበቃው አነበበና ግራ ገባው። "ሁሉም ቤት ገብተው ነው አባቴ?"

"የለም ልጄ" አሉት ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ፤ "እነሱ ናቸው እኔ ቤት የገቡት። ደግ ሰዎች ናቸው፤ በደንብ ጠብቅልኝ።"