ብርድ ልብስ የለበሰችው በለስ

ዕረፍት አልወድም፣ ልቤ እንደተንጠለጠለ ይኑር የምትሉ ከሆነ ዴንቨር መጥታችሁ በለስ ትከሉ። ውሻ ሲርበው ይጮኻል፤ ልጅ ሲያመው ያለቅሳል። በለስ ግን ዝም ብላ ትሞታለች፤ መሞቷን እንኳ የምታሳውቃችሁ ከወራት በኋላ ነው። የዚህ አገር ሰማይ ደግሞ ቃል የለውም። ጠዋት በካናቴራ ያስወጣችሁና ማታ ካፖርት ፍለጋ ያሯሩጣችኋል፤ ሚያዝያ ላይ ዛፎቹን ቅጠል አውጡ ብሎ ካታለለ በኋላ ግንቦት ላይ በረዶ ይጭንባቸዋል። እኔ ድሮም ሻይ ቁጭ ብዬ የማልጨርስ ሰው ነኝ። በለሷ ከመጣች ወዲህማ ስልኬን የማየው ማን ደወለ ብዬ ሳይሆን ዛሬ ስንት ዲግሪ ይወርዳል ብዬ ሆነ። ባለቤቴ ደረጄ «ለእኔ እንደዚህ ተጨንቀሽ ታውቂያለሽ?» ይለኛል። አላውቅም። እሱ ጃኬት አለው።

በለሷን የሰጠችኝ ሎውሪ የሚባለው ሰፈር ያለውን ቤቷን ሸጣ ወደ ሞቃት ከተማ የሄደች የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስትሰናበተኝ «አደራ» አለችኝ። አደራ እንዴት እንደሚከብድ መቼም ለእናንተ አይነገርም፤ ተቀብዬ ከዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ያለው ቤታችን ጓሮ ተከልኳት። በየዓመቱ ጥቅምት ሲጋመስ ቅርንጫፎቿን በገመድ ሰብሰብ አድርጌ፣ ዙሪያዋን በሽቦ አጥሬ፣ ውስጡን በደረቅ ቅጠል እጠቀጥቅና በአሮጌ ብርድ ልብስ እጠቀልላታለሁ። እርጥበት እንዳይገባባት አናቷ ላይ ባልዲ እደፋለሁ። ከሩቅ ስትታይ ባርኔጣ ያደረገች ወፍራም ሴትዮ ናት። ጎረቤታችን መጀመሪያ ያያት ቀን በአጥሩ ላይ እጇን አውለብልባ ሰላም ብላታለች፤ መልስ ባለማግኘቷም ትንሽ ቅር ብሏት ነበር።

ባለፈው ኅዳር አባዬ ከአዳማ መጡ። እናቴ ካረፈች ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው፤ ስልክ ባላነሱ ቁጥር እዚህ የምሆነውን እኔ ነኝ የማውቀው። አንዴ ከመጡልኝ አልለቃቸውም ብዬ ለራሴ ተናግሬያለሁ። እሳቸው ግን ለመጋቢት የተቆረጠ የመመለሻ ትኬት ይዘው ነው የመጡት። ይቅሩ ስላቸው «እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ቀጥሎ ብር፣ ኋላ ብረት ነው። ብረት ሳልሆን ልሂድ» ይሉኛል።

ነገሩ ይገባኛል። አባዬ ዕድሜያቸውን በሙሉ የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አይሆንላቸውም። እኔስ በማን የወጣሁ መሰላችሁ? እዚህ ደግሞ ሰው ሁሉ መኪና ውስጥ ስለሚኖር በእግራቸው ወጣ ብለው ሰላም የሚሉት እንኳ አጡ። መጀመሪያ ጓዳውን አስተካከሉ። ከዚያ ጋራዡን። ከዚያ የተስተካከለውን ጓዳ እንደገና። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚባለውን በዓይኔ አየሁት። ጨዉ የት እንደተቀመጠ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በመጡ ሰሞን በመስኮት አዩና «ያ ጓሮ ተገትሮ ያለው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«በለስ ናት አባዬ፣ የሰው አደራ። ክረምቱን ብርድ እንዳይገድላት ሸፍኛት ነው። በጋ ሲገባ ትገለጣለች።»

ይህን የተናገርኩት ቁልፌን በአንድ እጄ፣ ምሳዬን በሌላው ይዤ፣ ግማሽ አካሌ በር ላይ ሆኖ ነው። አባዬ አንገታቸውን ነቀነቁ። ትንሽ ግር እንዳላቸው አይቻለሁ፤ ግን ሥራ ረፍዶብኛል፣ ሄድኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው።

ጥር ገባ። የጥምቀት ማግስት፣ በረዶው ሁሉ ቀልጦ፣ ሰው በሸሚዝ የሚወጣበት ፀሐይ ወጣ። እኔ የሆስፒታል የሌሊት ሺፍት ስለነበረኝ ቀኑን ስተኛ ዋልኩና ሲመሽ በጋራዥ በኩል ወጥቼ ሄድኩ። ሌሊቱን ሰማዩ እንደ ልማዱ ከዳን። ጠዋት ስመለስ መንገዱ ሁሉ በረዶ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ ግን በለሴን ጠቅልያታለሁ ብዬ ልቤ አርፏል፤ ልቤ ባረፈ ቁጥር አንድ ነገር እንደሚመጣ ማወቅ ነበረብኝ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ገባሁና በኩሽናው መስኮት ብመለከት፣ በለሷ በረዶው መሀል ራቁቷን ቆማለች።

ሽቦው ተጠቅልሎ አጥሩ ሥር ተቀምጧል። ቅጠሉ ተጠርጎ ከረጢት ውስጥ ታስሯል። ብርድ ልብሱ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ ታጥፎ ሶፋው ላይ ነው። ባልዲው ሳይቀር ተፈትጓል።

«አባዬ፣ በለሷን ማን ገለጣት?»

«እኔ ነኛ» አሉ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብለው። «ሥራ በዝቶብሽ ረስተሻት ነው እንጂ በጋ ከገባ እኮ ቆየ ልጄ። ክረምቱ መስከረም ላይ ወጥቶ እሷ እስከ ጥር ታፍና ትቀመጥ?»

አያችሁ፣ እኛ እዚህ ስንኖር ዊንተርን ክረምት፣ ሰመርን በጋ ብለን እርፍ ብለናል፤ ማንም አልጠየቀንም። አባዬ ዘንድ ግን ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው። ጥር ድርቅ ያለ በጋ ነው። እኔው ራሴ ከቤተ ክርስቲያን አምጥቼ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ካላንደርም የሚመሰክረው ለእሳቸው ነው። በአማርኛ ከተካሰስን የምሸነፈው እኔ ነኝ። ተናድጃለሁ፤ የምቆጣው ሰው ግን አጣሁ።

«እዚህ አገር ጥር ክረምት ነው አባዬ» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ።

አባዬ ውጭውን አዩ። ካላንደሩን አዩ። «እንግዲያ ገደልኳታ» አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓዳውን ማስተካከል ተዉ። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሻንጣቸው ከአልጋ ሥር ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፏል። የበለሷ ነገር ከልቤ ወጣ፤ የእኔ አባት እኔ ቤት ጥፋተኛ ሆነው አንገታቸውን ደፍተው ሊሄዱብኝ ነው። ደረጄ የዛፏን ልጥ በጥፍሩ ፋቅ ቢያደርግ ውስጡ አረንጓዴ መሆኑ ቀርቶ ቡና መስሏል። እስከ ጉልበት ቆረጣት። እኔ ግን ሻንጣውን እያየሁ «ሥሯ ካልሞተ እኮ ታቆጠቁጣለች አባዬ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ግን አይታወቅም» አልኳቸው። ለማጽናናት ያህል ነው፤ እኔ ራሴ አላመንኩበትም።

አባዬ «እንግዲያው ትኬቱን አራዝሙልኝ» አሉ። «ሞታም እንደሆነ ሳልነቅላት፣ ድናም እንደሆነ ሳላያት አልሄድም። የሰው አደራ ናት አላልሽም?»

እኔ ለምኜ፣ ደረጄ ለምኖ ያቃተንን አንዲት ጉቶ አስቀረችልን። አባዬ ወንበር አውጥተው አጠገቧ መዋል ጀመሩ። ቅጠል ያለብሷታል፣ ይገልጧታል፣ ያነጋግሯታል መሰለኝ። ጎረቤታችንም አሁን ሰላም ስትል መልስ ታገኛለች። ጓዳው እንደገና ተስተካከለ። እኔ ግን እፎይ ያልኩ መስሏችሁ ከሆነ አታውቁኝም። ታቆጥቁጥ ብዬ ልጸልይ? ካቆጠቆጠች አባዬ ይሄዳሉ። አታቆጥቁጥ ልበል? ያኔ ደግሞ ገደልኳት እንዳሉ ይሄዳሉ። ባይሆን ትዘግይ አልኩ። ሰው ቡቃያ እንዲዘገይ ስእለት ሲገባ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቀድሜ ያየኋት እንደሆነም ቅጠል አልብሼ ዝም ለማለት ወሰንኩ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት ከሥራ እንደተመለስኩ፣ አባዬ ሳይነሱ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ጉቶው ሥር የተከመረውን ቅጠል ገለጥ ሳደርግ፣ ሰሞኑን ቤቱን ገልብጬ ስፈልገው የከረምኩት የፕላስቲክ ኩባያ ተደፍቶ አገኘሁት። አነሳሁት። ከሥሩ አረንጓዴ ቡቃያ አለች። የጣት ቁመት አላት፣ ቅጠሎቿን ዘርግታለች፤ የዛሬ አይደለችም፣ የትናንትም አይደለችም። የኩባያው አናት አየር እንዲገባት በምስማር ተበስቷል፣ ቀዳዳዎቹ መስመር ጠብቀው።

ኩባያውን እንደነበረ ደፋሁት። ቅጠሉን መልሼ አለበስኩት። ገባሁ።

ቁርስ ላይ «በለሷ እንዴት ሆነች አባዬ?» አልኳቸው።

«ኧረ ገና ናት» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሻያቸው ሳያነሱ። «የተጎዳ ነገር አያስቸኩሉትም። እስቲ ክረምቱ ይውጣና እናያለን።»

የትኛው ክረምት እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።