ከማርታ ሻይ ቤት ፊት ለፊት

ቤታችሁን ለእንግዳ አመልክታችሁ ታውቃላችሁ? «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብለህ፣ ሰማያዊውን በር አልፈህ፣ እዚያ ስትደርስ ሰው ጠይቅ» ነው የምትሉት። የቤት ቁጥሩማ በራችሁ ላይ በቀለም ተጽፏል፤ ግን ማን ያስታውሰዋል? እኔም የራሴን አላውቅም። ይህ አመላችን እንግዳ ከማንከራተቱ በቀር ሌላ ጉዳት ያለው አይመስለኝም ነበር፤ ወይዘሮ ማርታን እስካሳሸግኳቸው ድረስ። ሰው አይታሸግም ካላችሁኝ ሻይ ቤታቸውን ማለቴ ነው።

ጊዜው የደርግ፣ ቦታው አዋሳ፣ መናኸሪያው አካባቢ። በአንድ ፖሊስ ጣቢያ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ሃምሳ አለቃ ዱባለ የመዘገቧቸውን አቤቱታዎች በየወሩ መደመር ነው። ሃምሳ አለቃ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ቅጹ ላይ «ወንጀሉ የተፈጸመበት ቦታ» የሚለው ካልተሞላ አቤቱታ አይቀበሉም። ሻንጣው የተነጠቀውም፣ ጥርሱ የወለቀውም «የት?» ሲባል «ከማርታ ሻይ ቤት አለፍ ብሎ» ወይም «ማርታ ሻይ ቤት ሳልደርስ» ይላል። የቅጹ መስመር ጠባብ ስለሆነ ሃምሳ አለቃ «ማርታ ሻይ ቤት» ብለው ይዘጉታል።

ከመንገዱ ማዶ ያለው የጸጥታ ኮሚቴ አንድ ቀን «ከእንግዲህ የምንወስነው በጥናት ነው» አለ። እኔም ወጣትነት ይዞኝ በቀይ እርሳስ ግራፍ ሠራሁ። የታቦር ሰፈር መስመር አጭር፣ የሐይቅ ዳር አጭር፤ ማርታ ሻይ ቤት ግን ከወረቀቱ አልፋ ሌላ ወረቀት አስቀጠለችኝ።

«ጓድ፣ የወንጀሉ ምንጭ ተገኘ!» አሉ ሊቀ መንበሩ። ቤቱ እንዲታሸግ ተወሰነ፤ ደብዳቤውን አድራሹ እኔ ሆንኩ።

ወይዘሮ ማርታ ባላቸው የሞተባቸው፣ በሻይና በቦምቦሊኖ ሦስት ልጅ የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ማንበብ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ፊደሉን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ማኅተሙ ወረዱ።

«ልጄ፣ እኔ ሌባ ስደብቅ አይተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ በፍጹም፣ እትዬ ማርታ! ቁጥሩ ነው እንጂ።»

«ይሁን። እስቲ እዚህ ታች ያለውን አንብብልኝ።»

አነበብኩት። «የጽሕፈት ቤታችን አድራሻ፦ ከማርታ ሻይ ቤት ፊት ለፊት» ይላል።

«እንግዲህ እነሱም እኔው ጋ ናቸው። አብረን እንታሸጋ!»

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሮጬ ለሊቀ መንበሩ ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ፤ ስህተት መኖሩንም አመኑ፤ ወዲያውም አረሙት። አድራሻው ከኮሚቴው ደብዳቤዎች ሁሉ ላይ ተሰረዘ። ሻይ ቤቱም ታሸገ።

በቀጣዩ ወር ወንጀል ጠፋ። ሌባውማ የት ይጠፋል! «ድሮ ማርታ ሻይ ቤት የነበረበት» የሚል አመልካች ሲመጣ ሃምሳ አለቃ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «የታሸገ ቤት በመንግሥት እጅ ነው። መንግሥት እጅ ውስጥ ተሰረቅኩ እያልክ ነው?» ይሉታል። በዚያ ዘመን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ጀግና የለም፤ ሰውየው ንብረቱን ረስቶ ይሄዳል። ግራፌ ዜሮ ላይ ተኛ። ኮሚቴው ተሞገሰ፤ ልምድ የሚቀስም ቡድንም ከሌላ ከተማ ተላከ።

እንግዶቹ የያዙት የኮሚቴው ደብዳቤ አድራሻ የለውም። ረፋዱን ሙሉ መናኸሪያውን ሲዞሩ የቡድኑ መሪ ቦርሳቸውን ተነጥቀው እኛ ጣቢያ ደረሱ።

«የት ነው የተነጠቁት?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«እኔ እንጃ! አገሩን አላውቀው!»

«እንግዲያው አልተነጠቁም።»

ሊቀ መንበሩ ይህን ሲሰሙ በዚያው ቀን መጥተው እሽጉን በገዛ እጃቸው ቀደዱት። ውሳኔውን እኔ ነኝ የጻፍኩት፦ «ሻይ ቤቱ ለአድራሻነት አገልግሎት እንዲከፈት ተፈቅዷል።»

በማግስቱ ሃምሳ አለቃ በር ላይ ሰልፍ ነበር፤ ሕዝቡ የወሩን ስርቆት አጠራቅሞ መጣ። እኔም ቀዩን እርሳሴን ኪሴ ከትቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ሻይ ልጠጣ ገባሁ።

«ዛሬስ ስንት ሌባ ጻፍክብኝ?» አሉኝ ወይዘሮ ማርታ ብርጭቆውን እያስቀመጡ።

«አሥራ አንድ» አልኩ፣ ቀና ብዬ ሳላያቸው።

«አይዞህ፣ አብዝተህ ጻፍ። ዜሮ ባደረግከኝ ወር ልጆቼ ጦማቸውን ነው ያደሩት።»